የጤና መጽሐፍ ሲያረጅ ይጎዳል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ከውጭ አገር በስጦታ 300 ያህል የጤና መጻሕፍት መጥተውልናል፤ በአማርኛ የተጻፉም አሉን። ባዶ መደርደሪያ ከማየት ሁሉንም ብንደረድር ምን ችግር አለው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ችግር አለው። ልቦለድ ቢያረጅ ማንንም አይጎዳም፤ የጤና መጽሐፍ ግን ይጎዳል። ወባን እንውሰድ። በአገራችን ይበልጥ ገዳይ ለሆነው የወባ ዓይነት፣ ለፋልሲፓረም፣ ክሎሮኪን መስጠት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ጥገኛ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ስለተላመደው። በምትኩ የመጣው ፋንሲዳር የተባለ መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2004 ቦታውን ለኮአርተም ለቀቀ። ክሎሮኪን ከዚያም ወዲህ ለሌላው የወባ ዓይነት፣ ለቫይቫክስ፣ አገልግሏል። ስለዚህ «የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን ነው» የሚል አሮጌ መጽሐፍ የያዘው ግማሽ እውነት ነው፤ በዚያች ግማሽ የተማመነ ሰው ግን ሊሞት ይችላል። ጡት ስለ ማጥባትም እ.ኤ.አ. ከ2001 በፊት የታተሙት «ከ4 እስከ 6 ወር» ይላሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከዚያ ወዲህ የሚመክረው ሙሉ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። ልቡ ቀጥ ላለ አዋቂ የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታም እ.ኤ.አ. በ2010 ቅደም ተከተሉ ተቀይሯል፦ ከትንፋሽ በፊት ደረት መጫን ይቀድማል።

እናም ሳጥኑ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ የህትመት ዓመቱን መፈለግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከርዕስ ገጹ ጀርባ ያገኙታል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በዘመን አቆጣጠሩ ነው። «2010» የሚል የአማርኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. የ2017 ወይም የ2018 ነው፤ «2010» የሚል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ደግሞ በእኛ የ2002 ወይም የ2003 ነው። ሳይለዩ በአንድ መዝገብ ከጻፏቸው አዲሱን ጥለው አሮጌውን ያስቀራሉ። በመዝገቡ ሁለቱን ዓመቶች በየራሳቸው ዓምድ ያስፍሩ። ሌላው ስህተት «4ኛ እትም» የሚለውን ማመን ነው። አንድ ቃል ሳይቀየር በድጋሚ የታተመ መጽሐፍም እንዲሁ ሊባል ይችላል። መግቢያው «ተሻሽሎ የቀረበ» ካላለና ምን እንደተሻሻለ ካልገለጸ፣ የመጀመሪያውን እትም ዓመት ይያዙ።

ስለ በሽታ፣ ስለ ሕክምናና ስለ መድኃኒት የሚያወሩ መጻሕፍት 5 ዓመት ካለፋቸው ይነሡ። የኤችአይቪ፣ የካንሰርና የመድኃኒት መዘርዝሮች ግን ከ3 ዓመት በኋላ በጤና ባለሙያ ይፈተሹ። የሰውነት ክፍሎችን የሚያሳዩ መጻሕፍት 10 ዓመትም ሊቆዩ ይችላሉ። ለነርሶችና ለሐኪሞች የተጻፉትን የመማሪያ መጻሕፍት በአቅራቢያችሁ ያለ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይያቸው። ከ300ው 40 ቢተርፍ አይዘኑ፤ አንባቢ የሚያምናቸው 40 መጻሕፍት በቂ መነሻ ናቸው።

አንዱ አንቀጽ ብቻ የተሳሳተ ከሆነ ጠርዙ ላይ ማረሚያ ጽፎ ማቆየት አይበጅም፤ አንባቢው ማረሚያው የሌለበትን ገጽ ሊገልጥ ይችላል። የሚወገዱት ከመዝገብ ሲወጡ ንብረት ክፍሉ በቃለ ጉባኤ ይያዛቸው፣ «የተወገደ» የሚል ማህተም ይመታባቸው። ለመጽሐፍ አዟሪ አይሸጡ፤ በሌላ በር ተመልሰው ሌላ ቤተሰብ እጅ ይገባሉ። ለቀጣዩ ለጋሽም «ከ5 ዓመት በላይ የቆየ የጤና መጽሐፍ አንቀበልም» የሚል ደብዳቤ ከወዲሁ ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ አንባቢ የሚፈልገው በሽታ መጽሐፉ ውስጥ እያለ ሳናገኘው እንቀራለን። ምን ይሻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ የአንባቢው ቃልና የመጽሐፉ ቃል ስለማይገናኙ ነው። አንባቢው «አልማዝ ባለጭራ» ይላል፤ መጽሐፉ «ሄርፒስ ዞስተር»። «መንጋጋ ቆልፍ» ያለው ቴታነስ፣ «ትክትክ» ያለው ፐርቱሲስ፣ «የወፍ በሽታ» ያለው ደግሞ ጉበት ሥር ይገኛል። በአንድ ደብተር በግራ የሕዝቡን ስም፣ በመሐል የሕክምናውን ስም፣ በቀኝ የመደርደሪያ ቁጥሩን ይጻፉ። 100 ስሞች ብዙውን ጥያቄ ይሸፍናሉ። ከጤና ጣቢያ አንድ ነርስ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ይመልከተው።

ሁለት ትርጉም ያላቸውን ስሞች በቀይ ያስምሩ። «ኪንታሮት» የፊንጢጣም ነው፣ የቆዳም ነው። «ብርድ መታኝ» ያለ ሰው የሳንባ፣ የወገብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል ያለበት። እንዲህ ሲሆን ድምፅን ዝቅ አድርጎ «የት አካባቢ ነው?» ማለት ያስፈልጋል።

መጻሕፍትን በየርዕሰ ጉዳያቸው ቁጥር በሚሰጠው በዴዊ አመዳደብ ደም ግፊት 616.132፣ ስኳር 616.462፣ እርግዝና 618.2 ነው። የሕፃን አያያዝ ግን 649 ላይ ርቆ ይቀመጣል። እናቲቱ ሁለቱንም ስለምትፈልግ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ፣ ጀርባቸው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፉ።

ጥያቄ፦ ስለ አባላዘርና ስለ አእምሮ ሕመም የሚያወሩ መጻሕፍት አሉን፤ ማንም አይዋሳቸውም። ፍላጎት የለም ማለት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የውሰት ካርዱን ይመልከቱ። መጽሐፉ ጀርባ ኪስ ውስጥ ያለው ካርድ የተዋሰውን ሰው ሙሉ ስም የሚያሳይ ከሆነ ቀጣዩ አንባቢ የጎረቤቱን ስም ያነባል። በትንሽ ከተማ ማን ይደፍራል? በስም ፈንታ የመታወቂያ ቁጥር ይጻፍ፤ መጽሐፉ ሲመለስም ይሰረዝ። መደርደሪያው ከመዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ከሆነ ወደ ጥግ ይዙር። በራሪ ጽሑፎች ሳይጠይቁ ተወስደው ወደ ኪስ የሚገቡ ይሁኑ። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ሊጠይቋቸው ይችላሉ። የገቡበትን ቀን ጀርባቸው ላይ ይጻፉና በየ6 ወሩ ይለዩዋቸው። ፍላጎቱን የሚለኩትም ከተወሰደው በራሪ ብዛት ይሆናል።

ጥያቄ፦ አንባቢዎች የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው መጥተው «ምን ይላል?» ይሉናል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አያንብቡላቸው። የታይፎይድ ምርመራ ቁጥር ያለ ሕመሙ ምልክት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሐኪሙ የሚያየው ሁለቱን አዛምዶ ነው። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ውጤቱን የሚተረጉሙልዎት ሐኪምዎ ናቸው፤ ስለ ምርመራው የሚያስረዳውን ገጽ ግን አብረን እንፈልግ።» ገጹን አግኝተው ሐኪሙን የሚጠይቁትን ሁለት ሦስት ጥያቄ በወረቀት እንዲጽፉ ቢረዷቸው ትልቅ ውለታ ነው። የደረት ሕመም ወይም ድንገት የአንድ ጎን መዛል ከነገሯችሁ መጽሐፍ አትፈልጉ፤ ወዲያው የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ።

ጥያቄ፦ የባህል መድኃኒት መጻሕፍትስ የት ይቀመጡ? (ከደሴ)

መልስ፦ ይቀመጡ፤ ቅርሳችን ናቸውና። ግን ከሕክምናው ጋር ሳይሆን ከባህል መጻሕፍት ጋር ይሁኑ። «አንድ እፍኝ» የሚል መጠን እንደ መዳፉ ይለያያል። ኮሶ ከልክ ሲያልፍ ዓይን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ ለማኅበረሰባችን ትንሽ የጤና መጻሕፍት ክፍል እያደራጀን ነው። በአማርኛ ምን እናገኛለን? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው ሜድላይንፕላስ፣ እንዲሁም በሲያትል ከሃርበርቪው ሕክምና ማዕከል ጋር የተያያዘው ኤትኖሜድ፣ በአማርኛ የተዘጋጁ ጽሑፎችን በነፃ ያቀርባሉ። ሲያትሙ እንግሊዝኛውንም አብረው ያትሙ፤ ታማሚው ለነርሷ ሊያሳያት ይችላል። ለአረጋውያን ፊደሉ ከ16 ነጥብ አይነስ።

ከማሰራጨትዎ በፊት ግን ሰዓቱን ይመርምሩ። «መድኃኒቱን በ8 ሰዓት ይውሰዱ» የሚል ትርጉም ለአሜሪካ ሐኪም ጠዋት ነው፤ ለእናታችን ግን ከምሳ በኋላ ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይታረም፤ አጠገቡም በቅንፍ የአሜሪካው ሰዓት ይጻፍ። የቀጠሮ ቀንም እንዲሁ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።