ያቺ ጉብታ ከየት መጣች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ለማስተርስ ማሟያዬ ዶርዞላማይድና ቲሞሎል አንድ ላይ ያለበትን የግላኮማ የዓይን ጠብታ በኤችፒኤልሲ (ድብልቅን ወደየንጥረ ነገሩ የሚለያይ መሣሪያ) እየሰራሁ ነው። ኮለሙ፣ መለያው ቱቦ ማለቴ ነው፣ ሲ18 ነው (ውስጡ ባለ 18 ካርቦን ሰንሰለት የለበሰ)፣ ሞባይል ፌዙ፣ ማለትም በውስጡ የሚያልፈው ፈሳሽ፣ ፎስፌት ባፈር ፒኤች 4.5 ከአሴቶናይትራይል ጋር፣ አይሶክራቲክ (ቅልቅሉ ሳይቀየር)፣ አንዱ ራን 10 ደቂቃ፣ የማነበው 215 ናኖሜትር ላይ። ስታንዳርዱ (ለማነጻጸሪያ የማስገባው ንጹህ መድሃኒት) ምንም አይልም። ጠብታውን ሳስገባ ግን ሁለት ሶስቴ ደህና ይሄድና ከዛ ዶርዞላማይዱ ስር ሰፊ ጉብታ ትመጣለች። የቲሞሎል ፒክ (ግራፉ ላይ የሚወጣው ጫፍ) ጭራው ረጅም ነው፣ ሪቴንሽን ታይሙም፣ ከኮለሙ የሚወጣበት ጊዜ፣ ባፈር በሰራሁ ቁጥር ይለያያል። መጀመሪያ ላይ ደግሞ የማላውቀው ትልቅ ፒክ አለ፣ መድሃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን? አድቫይዘሬ ኮለም ቀይሪ አሉኝ። ልቀይር? (ግራ የገባት)

መልስ፦ ኧረ ቆይ፣ ኮለሙን ለጊዜው አትንኪው! ስታንዳርዱ ላይ የለም ጠብታው ላይ አለ ካልሽ፣ ጠብታው ውስጥ ከሁለቱ መድሃኒቶች ሌላ ምን እንዳለ ነው መጀመሪያ የሚታየው። ጠብታው በጀርም እንዳይበከል የሚጨመርበት ማቆያ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው፣ ብዙ ጊዜ 0.0075 ከመቶ ገደማ። ትንሽ ነው አትበይው፣ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ስላለው ሲ18 ላይ ሙጭጭ ይላል፣ አንቺ በ10 ደቂቃ ራኑን ስትዘጊው እሱ ገና ኮለሙ ውስጥ ነው፣ እየተንፏቀቀ የሚወጣው ከሁለት ሶስት ኢንጀክሽን በኋላ ሌላው ፒክ ስር ነው። ሰፊ መሆኗ ራሱ ይናገራል፣ ቶሎ የሚወጣ ፒክ ቀጭን መሆን ነበረበት። እኔም አንድ ሰሞን ይሄንኑ ሳላውቅ ሳምንት ሙሉ ፓምፕ ስፈታ ስገጥም ከርሜያለሁ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሳምፕሉን ሶስቴ አስገቢና ከዛ ምንም ሳታስገቢ ሞባይል ፌዙን እየለቀቅሽ አንድ ሁለት ሰዓት መዝግቢ። ጉብታዋ ያለ ኢንጀክሽን ከመጣች ጉዳዩ አለቀ። ማቆያው የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሰንሰለቶች ድብልቅ ስለሆነ ሁለትና ከዛ በላይ ሆና ብትመጣም አትደንግጪ። መፍትሄው ግራዲየንት ነው፣ የፈሳሹን ቅልቅል ራኑ መሃል መቀየር ማለት ነው፣ ቲሞሎል ከወጣ በኋላ አሴቶናይትራይሉን ወደ 70 ከመቶ አውጪና ጥቂት ደቂቃ አቆይው፣ ከዛ መልሰሽ አረጋጊው። 150 በ4.6 ሚሊሜትር ኮለም ከሆነ ውስጡ የሚይዘው 1.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ አስር እጥፉን አሳልፊበት። ፎስፌት ግን አሴቶናይትራይል ሲበዛበት ይዘቅጣል፣ ባፈሩን ከ20 ሚሊሞላር አታሳልፊው።

ጭራውና የሪቴንሽን ታይሙ መንሸራተት የሚመጡት ከፒኤቹ ነው። የፎስፌት ፒኬኤዎች (ባፈሩ በደንብ የሚሰራባቸው ፒኤቾች) 2.15 እና 7.2 ናቸው፣ 4.5 ላይ ስትሰሪ መሃል ሜዳ ላይ ነሽ፣ ባፈር ተባለ እንጂ የሚይዝልሽ ነገር የለም። ቲሞሎል ደግሞ ቤዝ ነው፣ ፒኬኤው 9.2 አካባቢ፣ እዛ ፒኤች ላይ ቻርጅ ማድረግ የጀመሩት ሲላኖሎች (ኮለሙ ውስጥ ባለው ሲሊካ ላይ ያሉ የአሲድ ጫፎች) ይጎትቱታል። ወደ 2.8 አውርጂው፣ ፒኤቹንም አሴቶናይትራይሉን ከመጨመርሽ በፊት ለኪ።

የመጀመሪያው ትልቅ ፒክ ማሌይክ አሲድ ይመስለኛል፣ ቲሞሎል የሚመጣው በማሌየት ጨው ነውና። ቲሞሎል ማሌየት ብቻውን አስገቢና እዛው ቦታ ላይ ከወጣ በቃ፣ የተበላሸ ነገር የለም። ደግሞ 215 ላይ ሁሉም ነገር ስለሚታይ ነው የሚረብሽሽ፣ ዶርዞላማይድን 254 ላይ ቲሞሎልን 295 ላይ ብታነቢ ማሌይኩም ማቆያውም ከቲሞሎል ሜዳ ይጠፋሉ ማለት ይቻላል።

ሳልረሳው፣ ስሌቱን ተጠንቀቂ! ሌብሉ ላይ በሚሊ ሊትር 5 ሚሊግራም የሚለው ቲሞሎሉን ነው፣ አንቺ የመዘንሽው ማሌየቱን ከሆነ በ0.7316 አባዢው፣ አለዚያ ውጤትሽ 137 ከመቶ ይወጣና ማሽኑን ትሰድቢያለሽ። ጠብታው ማወፈሪያ ካለበት ደግሞ ፒፔት ግድግዳ ላይ ስለሚቀር መዝነሽ በዴንሲቲ ብትቀይሪው ይሻላል።

ያለ ኢንጀክሽን የመጣችውን ጉብታ ፕሪንት አድርገሽ ለአድቫይዘርሽ አሳዪያቸው፣ ከዛ ኮለም ስለመግዛት ታወራላችሁ።