ገበሬው የዝናብ መድን የሚገዛው ወይም የሚተወው ስለ ምን ነው?

ጠያቂያችን «ገበሬው የዝናብ እጥረት መድን የማይገዛው ዋጋው ከብዶት ነው ወይስ ግንዛቤ ስለሌለው?» ብለዋል። በሰሜን ሸዋ ቆላማ ቀበሌዎች በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት በቆየሁባቸው ዓመታት «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ምክንያት እኔም በየሪፖርቱ ጽፌዋለሁ፤ ለመጻፍ ይቀላልና። ያየሁት ግን ሌላ ነው።

ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) የሚጠየቅበት ወር ነው። ምዝገባው የሚካሄደው ከዘር በፊት፣ ጎተራው በተሟጠጠበትና የማዳበሪያ ገንዘብ በሚፈለግበት በግንቦትና በሰኔ ሲሆን፣ እህሉን ሸጦ ብር በሚይዝበት በጥር ግን የመድን ነገር የሚያነሳለት የለም። በትግራይ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሐሪታ የተባለው የዝናብ መድን ፕሮጀክት በሴፍቲኔት የታቀፉ ገበሬዎች አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ መፍቀዱ ይህንን ችግር በትክክል የተረዳ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ካሳው የሚሰላበት መንገድ ነው። ስሌቱ የሚያየው በማሳው ላይ የደረሰውን ጉዳት ሳይሆን በዝናብ መለኪያ ወይም በሳተላይት የተመዘገበውን መረጃ ነው። አንድ ሽማግሌ ማሽላቸው መሀል አቁመውኝ፣ በጥማት የተጠቀለለውን ቅጠል በጣታቸው እየዘረጉ፣ «ልጄ፣ ዝናቡ ማዶ ጋራው ላይ ሲወርድ እዚህ ቆሜ አየዋለሁ፤ መለኪያችሁስ የተተከለው እዚያው ማዶ አይደል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በዚያ ዓመት መለኪያው በቂ ዝናብ በመመዝገቡ ካሳ አልተከፈላቸውም፤ በተከታዩ ክረምት እርሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ጎረቤቶቻቸውም ሳይመዘገቡ ቀሩ። (በተቃራኒው ክረምቱ ሲሰምር «ብሬን መልሱልኝ» የሚልም አይጠፋም፤ አረቦኑን እንደ ቁጠባ የሚቆጥረው ብዙ ነው።)

የሚያቀርበው ሰው ማንነትም ይወስናል። ከከተማ ወረቀት ይዞ የመጣን እንግዳ ገበሬው በትሕትና ሰምቶ ይሸኘዋል፤ የዕድሩ ዳኛ ሲናገር ግን ይጠይቃል፣ ይከራከራል። በአገራችን በተደረገ የመስክ ሙከራ የዕድር መሪዎች ስለ መድኑ ሲሠለጥኑ፣ በተለይም ካሳ ያልደረሰውን አባል የደረሳቸው እንዲደግፉት የሚያስችል ውይይት ሲታከልበት፣ ገዢዎች ጨምረዋል። ለእኚያ ሽማግሌ ያጣሁት መልስ ይህ ነበር፤ መለኪያው ባያያቸውም ዕድራቸው ያያቸዋል።