የጦርነት ዘመን የአየር ኃይል መኪኖች ምልክቶች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየር ኃይሎች የጭነት መኪኖች ጋር በተያያዘ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን ከዚህ በታች መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ያለ የጀርመን መኪና ታርጋው በላቲን ፊደል «ደብልዩ ኤል» ይላል። መኪናው በአውሮፕላን ማረፊያ ያገለግል ነበር ማለት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የአየር ኃይሉ ንብረት መሆኑን ታርጋው ይነግረናል፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ማገልገሉን ግን አይነግረንም። የጀርመን ጦር ኃይሎች ታርጋ ነጭ ሆኖ ጽሑፉ ጥቁር ነበር። የመጀመሪያው ፊደል የጦር ኃይሎቹን የጋራ ስም «ቬርማኽት»ን ሲወክል፣ ሁለተኛው ክፍሉን ይለያል፤ «ኤች» ምድር ጦርን፣ «ኤም» ባሕር ኃይልን፣ «ኤል» ደግሞ አየር ኃይሉን «ሉፍትቫፈ»ን ያመለክታል። ነገር ግን ሉፍትቫፈ አውሮፕላን ብቻ የሚያበር ኃይል አልነበረም። የፓራሹት ወታደሮችና አብዛኛው የፀረ አውሮፕላን መድፈኛ በእርሱ ሥር ነበሩ፤ ከ1942 ጀምሮም በእግረኛነት የሚዋጉ ክፍለ ጦሮችን አቋቁሟል። በሰሜን አፍሪካ በረሃ የእንግሊዝን ታንኮች ያስጨነቁት ባለ 88 ሚሊ ሜትር መድፎች ብዙዎቹ የዚሁ የአየር ኃይል ስለነበሩ፣ «ኤል» የለጠፈ መኪና ከማረፊያ ሜዳ ርቆ በግንባር መስመር ላይ ቢታይ ሊያስደንቀን አይገባም።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ምድር ጦር የጭነት መኪኖች ከቁጥራቸው በፊት «ኤል» የሚል ፊደል አላቸው። የአየር ኃይሉ መኪኖች ለምን የላቸውም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ምድር ጦሩ መኪኖቹን በዓይነት እየለየ ፊደል ይሰጥ ስለነበር ነው፤ «ኤል» ለከባድ የጭነት መኪና፣ «ኤም» ለአውቶሞቢል፣ «ሲ» ለሞተር ብስክሌት፣ «ኤ» ለአምቡላንስ ነበር። የንጉሣዊው አየር ኃይል ግን የራሱን ስም ምህጻር «አር ኤ ኤፍ»ን በቁጥሩ ፊት መጻፍ ይበቃው ነበር።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ የአየር ኃይል መኪና እንደሆነ በተነገረኝ ፎቶግራፍ ላይ ስለ አየር ኃይል የሚናገር ጽሑፍ አጣሁ። ኮከብና ረጅም ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ተሳስተው ይሆን? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ላይሳሳቱ ይችላሉ። የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱን የቻለ ተቋም የሆነው በ1947 ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ የምድር ጦሩ አካል ስለነበረ መኪኖቹም የምድር ጦሩን የምዝገባ ሥርዓት ይከተሉ ነበር። በኮፈኑ ጎን ላይ ያለውን ቁጥር በጥንቃቄ ይመልከቱት፤ እንደ እኛ አገር ታርጋ ኮድ ሁሉ የመጀመሪያው አኃዝ ትርጉም አለው። በ«2» የሚጀምረው ጂፕንና መሰል ቀላል መኪኖችን፣ በ«4» የሚጀምረው ደግሞ ባለ ሁለት ተኩል ቶኑን የጂ ኤም ሲ የጭነት መኪና ያመለክታል። በመጨረሻው ላይ «ኤስ» ካለ፣ ሞተሩ የሬድዮ ግንኙነትን እንዳያውክ መከላከያ ተገጥሞለታል ማለት ነው።

ኮከቡ የወገን አውሮፕላኖች የራሳቸውን መኪና እንዳይመቱ የሚያገለግል መለያ ነበር። ኮከቡን የሚከብበው ቀለበት አንዳንድ ጊዜ የሰናፍጭ ጋዝ ጠብታ ሲነካው መልኩን በሚለውጥ ቀለም ይሞላ ነበር። አባቶቻችን በ1928 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የወረደባቸውን ያንን መርዝ ለሚያስብ ሰው፣ ይህ ቀለም እንደ ተራ ጌጥ የሚታይ አይደለም።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አየር ኃይል መኪና በር ላይ ያለው ክብ ምልክት የውጭ ቀለበቱ በፎቶግራፍ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በመጻሕፍት ግን ቢጫ ነው። የትኛውን ልመን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጻሕፍቱን ይመኑ። በዚያ ዘመን ከሚሠራባቸው ፊልሞች አንዱ ዓይነት ለቀይ ብርሃን ፈጽሞ፣ ለቢጫም በበቂ ሁኔታ ስሜት ስላልነበረው፣ ቀዩን ጥቁር፣ ቢጫውን ጥቁር ግራጫ፣ ሰማያዊውን ደግሞ ነጣ ያለ አድርጎ ያወጣ ነበር። ሌላው የፊልም ዓይነት ቀይንም ስለሚቀበል ቀይና ሰማያዊ ተቀራራቢ ግራጫ ሆነው ይወጣሉ፤ ስለዚህ አንድ ምልክት በሁለት ፎቶግራፎች ሁለት የተለያዩ ምልክቶች መስሎ ይታያል። በመኪናው ፊት ያለው ቢጫ ክብ ሰሌዳም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል፤ በላዩ የተጻፈው ጥቁር ቁጥር የክብደት ደረጃውን የሚገልጽ፣ የድልድይ ጠባቂውም መኪናው ይለፍ አይለፍ ብሎ የሚወስንበት ሆኖ ሳለ፣ በፎቶግራፍ ከመደቡ ለመለየት ያስቸግራል። ከጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም መገመት ብዙ ጥንቁቅ ሰዎችን ሳይቀር አሳስቷል።

ጥያቄ፦ በ1944 በፈረንሳይ ኖርማንዲ የነበረ የእንግሊዝ አየር ኃይል የጭነት መኪና ሞዴል እየሠራሁ ነው። የትኞቹን ምልክቶች ልሣል? (ከሐይፋ)

መልስ፦ ያሉትን ምልክቶች ሁሉ በአንድ መኪና ላይ አይደርድሩ፤ በእድሳት የተዋቡ መኪኖች ላይ ሳይቀር ይህ ስሕተት ሲፈጸም ማየት ያሳዝነኛል። ቀደም ሲል በሰሜን አፍሪካ በረሃ ይሠራበት የነበረው ነጭ፣ ቀይና ነጭ ሰንበር ለኖርማንዲ አይሆንም። ከላይ ነጭ ኮከብ፣ ከፊት የድልድዩ ሰሌዳ፣ ከፊትና ከኋላ «አር ኤ ኤፍ» የሚል ነጭ ቁጥር ይበቃዎታል። ከኋላ ያለውን ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል) ነጭ ቀለም መቀባትንም አይርሱ፤ መብራት በተከለከለበት ሌሊት ተከታዩ ሾፌር በትንሽ አምፖል የሚበራውን ያንን ነጭ ነጥብ እያየ ነበር የሚነዳው።