ጥያቄና መልስ፦ ስልኩ እጅ ሲነካው ኔትወርኩ ለምን ይሸሻል?

ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን የስልክ ጥያቄዎች ውስጥ በአንቴና ዙሪያ ያሉትን ለዚህ እትም መርጠናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ከፒያሳ፦ «ስልኬ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አራት መስመር ያሳያል። በግራ እጄ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ወደ አንድ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። የእጅ ሙቀት ነው የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?»

ሙቀቱ ምንም አያደርግም። ጥፋቱ የውሃው ነው። የሰው እጅ በአብዛኛው ውሃና ጨው ስለሆነ አንቴና አጠገብ ሲመጣ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ከፊሉን ሞገድ ይውጣል፣ አንቴናውን ደግሞ ከቅኝቱ ያወጣዋል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አዝማሪው ጣቱን የማሲንቆው ክር ላይ ሲያሳርፍ ድምፁ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ አንቴናም ርዝመቱ ተለክቶ ለተወሰነ ሞገድ የተቃኘ ብረት ነው። የስልክ ኔትወርክ የሚጠቀምበት የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የ1800 ደግሞ የዚያ ግማሽ። ለአንቴና ብዙ ጊዜ የሞገዱ ሩብ ይበቃል፤ ይህም ለ900 ወደ 8፣ ለ1800 ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ጣትዎ ሲያርፍበት አንቴናው የረዘመ ያህል ይሆንና ቅኝቱ ወደ ታች ይወርዳል።

«ታዲያ ለምን እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ያደርጉታል?» ማለትዎ አይቀርም። ስልክ ሲያስተላልፍ ጭንቅላት ሊውጠው የሚችለው ኃይል በሕግ የተገደበ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ በኪሎ ግራም 1.6 ዋት ነው። ስለዚህ አምራቾች ዋናውን ማስተላለፊያ ከጆሮ አርቀው ወደ ስልኩ ግርጌ አወረዱት። ከጭንቅላት ሲያርቁት እጅ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ መጠነኛ መውረድ የማንኛውም ስልክ ጠባይ ነው። ጉድለት የሚባለው ከልኩ ሲያልፍ ነው። ልኩን ለማወቅ ደግሞ መስመሮቹን ይተዋቸው፤ ቁጥሩን ይመልከቱ። በአንድሮይድ «ሴቲንግ» ገብተው «አባውት ፎን» ውስጥ «ሲም ስታተስ» የሚለውን ሲከፍቱ የሲግናሉ ጉልበት ዲቢኤም (dBm) በሚባል መለኪያ ተጽፎ ያገኙታል። በአይፎን *3001#12345#* ብለው ይደውሉ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። በ4ጂ ከ-90 የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ -110 አካባቢ ደካማ ነው፤ ከ-120 ሲያልፍ ይቋረጣል። የ4ጂን ቁጥር ከ2ጂ ቁጥር ጋር አያወዳድሩ፤ የሚለኩት ነገር ይለያያል።

ፈተናው እንዲህ ነው። ስልኩን መስኮት አጠገብ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው 2 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ በየ10 ሰከንዱ 6 ጊዜ ቁጥሩን ይጻፉና አማካዩን ይያዙ። ቦታውን ሳይለቁ በግራ እጅ፣ ቀጥሎ በቀኝ እጅ እንደ ወትሮው ይዘው ይድገሙት። ቁጥሩ በራሱ እስከ 5 ከፍና ዝቅ ስለሚል አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። በእጅ ሲያዝ ከ5 እስከ 10 መውረድ የተለመደ ነው። በአንድ የተወሰነ አያያዝ ብቻ ከ15 እስከ 20 የሚወርድ ከሆነ ግን ስልኩ ራሱ ችግር አለበት፤ ወይ ሲሠራ ወይ ሲጠገን የመጣ።

ከማራኪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «እንዲህ ያለ ጉድለት ሲገኝ ኩባንያዎቹ ምን ይላሉ? እኛ የምንሰማው 'ሶፍትዌሩን አድስ' የሚለውን ብቻ ነው።»

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ የአይፎን 4 ታሪክ ነው። ስልኩ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2010 ነው። ዙሪያውን የከበበው የማይዝግ ብረት ጌጥ ብቻ ሳይሆን አንቴናውም ነበር። ብረቱ በቀጫጭን ክፍተቶች የተከፋፈለ ሲሆን አንዱ ክፍል ለዋይፋይ፣ ለብሉቱዝና ለጂፒኤስ፣ ሌላው ለስልክ ጥሪ ነበር። በግራ ጎን ወደ ታች ያለው ክፍተት ግራ እጅ ሲይዘው መዳፍ በትክክል የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሥጋ ሁለቱን ብረቶች ሲያገናኛቸው ሁለቱም ከቅኝታቸው ይወጣሉ። በጊዜው በተደረጉ ልኬቶች አጥብቆ ለጨበጠው ሰው ሲግናሉ 24 ዴሲቤል ያህል ይወርድ ነበር፤ የዲቢኤም ቁጥሩ በ24 ይወርዳል ማለት ነው። 10 ዴሲቤል ማለት ከአሥር አንድ እጅ መቅረት ነው፤ 24 ሲሆን ከ250 አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይተርፋል።

የአምራቹ የአፕል ኩባንያ የመጀመሪያ መልስ «እንዲያ አድርጋችሁ አትያዙት» የሚል ነበር። ጁላይ 2 ላይ ሁለተኛው መጣ፦ የመስመሮቹ ቀመር ስህተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሚገባው 2 መስመር አብልጦ ያሳያል ተባለ። ይህ ደግሞ እውነት ነበር፤ ነገሩ ግን ሌላውን ጥያቄ የሚሸፍን እውነት ነው። በዚያ ስልክ አምስቱም መስመሮች እስከ -91 ድረስ ሞልተው ይታያሉ፤ የቀሩት አራት ደረጃዎች በሙሉ ከ-91 እስከ -113 ባለው ጠባብ ቦታ ተጣበው ነበር። የኔትወርክ ማማው ሥር ቆሞ -60 የሚያገኝ ሰው 24 ቢያጣም -84 ይደርሳል፤ አምስት መስመሩ አይነካም፤ «እኔ ጋ ችግር የለም» ይላል። -90 ላይ ያለው ሰው ግን ያንኑ 24 ሲያጣ -114 ይገባል፤ ጥሪው ይቆረጣል። ሁለቱም አምስት መስመር እያዩ ነው የጀመሩት። ጁላይ 15 የወጣው ማሻሻያ መስመሮቹን በሐቀኝነት አስተካከለ፤ አንቴናው ግን ያው ነው። በሶፍትዌር ብረት አይቀየርም።

በማግስቱ ጁላይ 16 ኩባንያው መግለጫ ጠርቶ የሌሎች ኩባንያዎች ስልኮችም ሲጨበጡ መስመር እንደሚያጡ አሳየ፤ ሦስተኛው መልስ «ሁሉም እንዲሁ ነው» መሆኑ ነው። አያይዞ 29 ዶላር ይሸጥ የነበረውን፣ የስልኩን ዙሪያ የሚሸፍን የጎማ ጠርዝ እስከ ሴፕቴምበር 30 ለገዙ ሁሉ በነፃ ለመስጠት ቃል ገባ። ጎማው መዳፍ ብረቱን እንዳይነካ ስለሚከላከል ጉዳቱን ቀንሶታል። በአሜሪካ የቀረበው ክስ በ2012 በስምምነት ሲያልቅ ለከሳሾች የቀረበው 15 ዶላር ወይም ያው ጎማ ነበር።

እውነተኛው ጥገና የመጣው በሚቀጥለው ሞዴል ነው። በኦክቶበር 2011 የወጣው አይፎን 4ኤስ ከሁለት አንቴናዎች የተሻለውን እየመረጠ በጥሪ መካከል ይቀያይራል፤ እጅ አንዱን ሲሸፍን በሌላው ይሠራል። ጉድለትን በሚቀጥለው ሞዴል ማረም የአንድ ኩባንያ አካሄድ ብቻ አይደለም። በ2011 መጨረሻ የወጣው የአሱስ ትራንስፎርመር ፕራይም ታብሌት ጀርባው ሙሉ ብረት ስለነበር ጂፒኤሱ ሳተላይት ማግኘት ተሳነው። ኩባንያው ጂፒኤስን ከዕቃው መግለጫ ላይ ሰረዘ፤ ቆይቶ ከውጭ የሚሰካ መቀበያ በነፃ አደለ፤ ቀጣዩን ሞዴል ሲሠራ ግን ከጀርባው በላይኛው በኩል የፕላስቲክ መስኮት ከፈተለት።

ሶፍትዌር በእርግጥ የፈታው ችግርም አለ፤ ያንን መካድ አይገባም። በዚያው ዓመት የወጣው ጋላክሲ ኔክሰስ በ2ጂ 900 ሜጋኸርዝ ሲያስተላልፍ የድምፅ መጠኑ በራሱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ የሬዲዮው ሞገድ እንደ ቁልፍ መጫን እየተቆጠረበት ነው። የውሸቱን ንክኪ የሚያጣራ ማሻሻያ ወጣለትና ዳነ። መለያው ቀላል ነው፦ ስልኩ ያገኘውን ሲግናል በተሳሳተ መንገድ ከተረጎመ ማሻሻያ ያድነዋል፤ ሲግናሉ መጀመሪያውኑ ካልደረሰው አያድነውም። «አድስ» ሲባሉ ከማደስዎ በፊትና በኋላ ዲቢኤሙን ይጻፉ። መስመሩ ጨምሮ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የተቀየረው ሥዕሉ ነው።

ከአዘዞ፦ «የቻርጅ ቀዳዳው ተበላሽቶ አስጠገንኩት። ቻርጁ ተስተካከለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ኔትወርክ ከተማ መሀል ብቻ ነው የሚይዘው። ጠጋኙ 'አይገናኝም' ይለኛል።»

ይገናኛል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች የቻርጅ ቀዳዳው የተሠራበት ትንሽ ቦርድና ዋናው አንቴና ግርጌ ላይ አብረው ናቸው። ከዋናው ቦርድ ሲግናሉን የሚያመጣለት ስፌት ክር የመሰለ ቀጭን ገመድ ነው፤ ጫፎቹ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የምትሆን ክብ መሰኪያ አለች። በመጀመሪያ ግን *#06# ይደውሉ። አይኤምኢአይ የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር ባዶ ከሆነ ወይም ካልወጣ ነገሩ ከአንቴና አልፏል። ቁጥሩ ካለ፣ ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ ሞክረው ሲሙም ደኅና ከሆነ፣ ስልኩ እንዲከፈት ይጠይቁና እነዚህን አጠገብዎ ያስፈትሹ።

የገመዱ ሁለቱም ጫፎች ተጭነው «ቀጭ» ማለት አለባቸው፤ ላያቸው ሲታይ የተሰኩ መስለው ያልገቡ ብዙ ናቸው። ገመዱ ባትሪ ሥር ተጨፍልቆ ወይም ብሎን ነክሶት ከሆነ አይቃናም፤ ይቀየራል። ቀጥሎ ከቦርዱ ብቅ ብለው የጀርባውን ክፈፍ የሚነኩ ወርቃማ ጥፍሮች አሉ፤ ወደ ታች የተጫነውን በፕላስቲክ ጫፍ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ የጠቆረውን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል መጥረግ ነው። የቁስል አልኮል ውሃው ይበዛል፤ አይሆንም። ብሎኖቹን ይቁጠሩ። «አንድ ብትጎድል ምን አለ» ይባላል፤ ነገር ግን አንዳንዷ ብሎን የአንቴናው መሬት (ግራውንድ) ናት፤ ከሌለች ቅኝቱ ይፈርሳል።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ የቀረው ራሱ የቻርጅ ቦርዱ ነው። ርካሹ ቅጂ ቻርጅ ያደርጋል፤ በአንቴናው በኩል ያሉትን ጥቃቅን ዕቃዎች ግን አንዳንዴ ይዘላቸዋል ወይም በሌላ ይተካቸዋል። የወጣው አሮጌ ቦርድ ካለ ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ ልዩነቱ በዓይን የሚታይበት ጊዜ አለ። አሮጌውን ቦርድ ስልኩን ሳይረከቡ በፊት ይጠይቁ፤ ከሳምንት በኋላ አይገኝም። ለሚቀጥለው ደግሞ ስልኩን ሲሰጡና ሲቀበሉ እዚያው ቆመው ዲቢኤሙን ያንብቡ፤ በዚያው ቦታ ከ10 በላይ ከወረደ ሒሳብ አይክፈሉ።

ከቀበሌ 18፦ «በጥምቀት ጃንሜዳ... ይቅርታ፣ የአዲስ አበባው ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ፋሲለደስ መዋኛ ሆኜ መስመሩ ሙሉ ነው፣ ፎቶ ግን አይሄድም። አንቴናው ነው?»

አይደለም። መስመሩ የሚነግርዎ የማማውን ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰሙ ነው፤ ስንት ሰው ተሰልፎ እንደሚጠብቅ አይነግርም። ጥር 11 ቀን በዚያ ሕዝብ መካከል ሞገዱ አይጎድልም፤ ተራው ነው የሚጎድለው። ለመጠራራት አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ፤ ትንሽ ቦታ ስለሚበቃው ቶሎ ያልፋል። ፎቶውን ማታ።

ከአራዳ፣ ባለሱቅ፦ «ሱቄ የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከባትሪው ጀርባ የሚለጠፍ ወርቃማ ስቲከር ኔትወርክ ይጨምራል ብለው ሸጡልኝ። አልጨመረም። ያገለገለ ስልክም ልገዛ ነው፤ ምን ልይ?»

ስቲከሩ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ብረት ነው፤ ይንቀሉት። ሲሻል አይጎዳም፣ ሲከፋ ቅኝት ያበላሻል። በመኪና ለመስቀል ከከቨር ሥር የሚገባው የማግኔት ብረትም እንዲሁ ነው፤ ከስልኩ ላይኛና ታችኛ ጫፍ አርቀው መሀል ላይ ያድርጉት።

ቆርቆሮ ሞገድን ይመልሳል፤ ወፍራም ድንጋይ ደግሞ ይውጣል፤ በክረምት ሲርስ ይብስበታል። ለእርስዎ ሱቅ ሞገዱ የሚገባው በበርና በመስኮት ነው። ግድግዳ ከግድግዳ እየተላተመ ስለሚመጣ ድምር ውጤቱ በስንዝር ልዩነት ይቀያየራል፤ በ1800 ሜጋኸርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ማለት ብቻ የሞተን ጥሪ ሊያድን ይችላል። በሩ አጠገብ ያለውን መደርደሪያ በዲቢኤም ፈትሸው አንድ ቋሚ ቦታ ይምረጡለት።

ያገለገለውን ስልክ፣ ስላሽ የሚሉትን፣ ገንዘብ ሳይከፍሉ የራስዎን ሲም አስገብተው ይፈትሹት። ከውጭ የመጣ ስልክ ለዚያ አገር ሞገድ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ 2ጂ በ900ና በ1800፣ 3ጂ በ2100፣ 4ጂ በ1800 ይሠራል፤ በሞዴል ቁጥሩ እነዚህን መያዙን ያረጋግጡ። ከዚያ የያዙትን ስልክና የሚገዙትን ጎን ለጎን በአንድ ኩባንያ ሲም፣ በአንድ የኔትወርክ ዓይነት አድርገው ዲቢኤማቸውን ያወዳድሩ፤ ልዩነቱ ከ10 በላይ ከሆነ ስልኩ ቀድሞ ተከፍቷል ብለው ይጠርጥሩ። በመጨረሻ ደውለው 3 ደቂቃ ያውሩበት፤ በግራም በቀኝም ጆሮ። ብዙ ስልክ ዳታ ሲጠቀም 4ጂ ላይ ሆኖ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ስለሚወርድ፣ ኢንተርኔቱ ፈጠነ ማለት ጥሪው ይሠራል ማለት አይደለም። ሻጩ «ቤት ወስደህ ሞክረው» ካለ፣ ሱቁ በር ላይ ይሞክሩት።