«ማሽኑ ይነቀል» ማለት መግደል ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ኋላም በማስታገሻ ሕክምና (በሽታውን ከማዳን ይልቅ ሥቃዩን በሚያቀልለው) የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሊድን በማይችል ሕመም ስላሉ ሰዎች ሕክምና ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ።

ሲስተር፣ ነፍስ የእግዚአብሔር ናት። የመተንፈሻ ማሽን ይነቀል ብሎ መፈረም መግደል አይደለም?

ፍርሃትህ ይገባኛል። ሕይወት ክቡር ነው፤ እኔም አምናለሁ። ክቡር ነው ማለት ግን ሞት በምንም መንገድ ይዘግይ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የማደንዘዣ ሐኪሞች ይህንኑ የካቶሊኩን ጳጳስ ፒዮስ 12ኛን ጠይቀው ነበር። እሳቸውም የተለመደውን ሕክምና መቀበል ግዴታ ነው፣ ከልክ በላይ ከባድ የሆነውን ግን አይደለም አሉ።

አሜሪካዊቷ ካረን አን ኩዊንላን እ.ኤ.አ. በ1975 ራሷን ስታ ወደቀች። ወላጆቿ አጥባቂ ካቶሊኮች ነበሩ። ማሽኑ እንዲነሳላት የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ፈቀደ። ካረን ግን አልሞተችም። በራሷ እየተነፈሰች እስከ 1985 ቆየች። ወላጆቿ የምግብ ቱቦዋ ይነሳ አላሉም። የጠየቁት «ማሽኑ ይቅርላት» ብለው ነው፤ «ትሙት» አላሉም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

አባቴ በስትሮክ አልጋ ከያዘ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠያቂ ሁሉ «እንዲህ ሆኖ ከመኖር…» ይላል። አንዳንዴ እኔም እንደዚያ አስባለሁ።

አይዞሽ። «የኑሮ ጥራት»፣ ማለትም የታማሚው ኑሮ ምን ያህል ደህና ነው የሚለው መለኪያ፣ የሚያስፈራኝ እንዲህ ሲባል ነው። አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው የተኛውን ሕይወት አሳንሶ ያያል። በከባድ የአካል ጉዳት የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ሌላው ከሚገምተው የተሻለ ሕይወት እንዳላቸው ይናገራሉ።

አንድ ታማሚ ነበረኝ፤ የሚታዘዝለት ዓይኑ ብቻ ነው። ጠዋት ስገባ ወደ መጋረጃው ያያል። ክፈቺልኝ ማለቱ ነው። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ግንባሩ ይፈታል። ያ ሰው መኖር ይፈልግ ነበር። የምንመዝነው ሕክምናውን ነው፤ ይጠቅመዋል ወይስ ያሠቃየዋል? ሰውየውን ራሱን ሚዛን ላይ አናወጣም። ጠያቂዎቹን ደግሞ እንዲህ ያለውን ወሬ በር ላይ እንዲተዉት ንገሪያቸው። አባትሽ ይሰማ ይሆናል።

«ልቡ ቢቆም ለማስነሳት አይሞከር» የሚል ወረቀት ሰጡን። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ነው?

ወረቀቱ የሚያስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። መድኃኒቱ፣ ኦክስጅኑ፣ ማስታገሻው ይቀጥላል። ካልቀጠለ ጠይቁ። ፊልም ላይ ደረቱ ሁለቴ ተጭኖ ሰው ብድግ ሲል ታያላችሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ደረት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይጫናል። የአዛውንት የጎድን አጥንት እጄ ሥር ሲሰበር ሰምቻለሁ። ሆስፒታል ተኝተው ልባቸው ከቆመ አምስት ሰዎች ውስጥ ድኖ ቤቱ የሚገባው አንድ ገደማ ነው። ካንሰር መላ አካሉን ለጨረሰው ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው።

ለከባድ ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ሞርፊን ቶሎ ይገድላል ይባላል።

በልኩ ከተሰጠ አይገድልም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አለ። ማስታገሻ ሕክምናን ከመጀመሪያው ያገኙ የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ካላገኙት ሁለት ወር ከግማሽ ያህል የበለጠ ኖረዋል።

እናቴ መብላት አቆመች። እንዴት በረሃብ ትሙት ብዬ ልተዋት?

እናትዎ ሊሞቱ የተቃረቡት ስላልበሉ አይደለም። ሰውነታቸው እየተዘጋ ስለሆነ ነው መብላት ያቆሙት። ለምሳሌ የመርሳት በሽታ ለጠናባቸው ሰዎች የምግብ ቱቦ ዕድሜ እንደማይጨምር ታውቋል። ጥጥ በውኃ ያርጥቡና ከንፈራቸውን ያብሱ። ማጉረስ የለመደ እጅ ባዶውን መቀመጥ አይችልም፤ ይህ ለእርስዎም ይረዳል።

በመርፌ መሞትስ? ሆላንድ ይፈቀዳል አሉ።

አዎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሕግ። እኔ አልደግፈውም። «ልሙት» ያሉኝን ሰዎች ቁጭ ብዬ ስሰማቸው ብዙዎቹ ያሉት «ሸክም ሆንኩባቸው» ነው። ለዚህ መልሱ መርፌ አይመስለኝም።

በአባታችን ሕክምና ልጆቹ አልተስማማንም። ማን ይወስን?

አባታችሁ መናገር ይችላሉ? ይጠየቁ። ካልቻሉ «እሳቸው ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?» ተባባሉ። አንዲት ልጅ እናቷን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ስትፈራ ከረመች። በአራተኛው ቀን እንደምንም ጠየቀቻት። እናትየው «እኔ እኮ አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለቻት።