ስለ ጉሎ ዘይት ጠይቁኝ፣ ዲግሪውን ግን አትርሱ

እንዴት ዋላችሁ የወሎ ልጆች። በቃሌ መሠረት ዛሬ ስለ ጉሎ ዘይት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ሁለት ነገር ግን ቀድሜ ልበል። ፋጉሎውን ለከብት እንዳትሰጡ፣ መርዝ ነው። ዘይቱንም እሳት ላይ ጥዳችሁ ዞር እንዳትሉ።

ከመርሳ፦ ጋሼ፣ ግንዱ የሚቀላው ጉሎና አረንጓዴው፣ የማንኛቸው ዘይት ይወፍራል?

መልስ፦ በስንት ዲግሪ? ይሄን ሳትነግሩኝ ስለ ውፍረት አታንሱብኝ። የጉሎ ዘይት 20 ዲግሪ ላይ ከውሃ 1000 እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ያንኑ የ20 ዲግሪ ውሃ መለኪያ አድርገን ስንሄድ፣ 25 ላይ ወደ 700 ይወርዳል፣ 40 ላይ ወደ 240፣ 100 ዲግሪ ስታደርሰው ደግሞ 20 እንኳ አይሞላም። አየህ፣ 5 ዲግሪ ብቻ ሲሞቅ ሲሶውን ያህል ቀጠነ። ቀይ ሆነ አረንጓዴ፣ ከዘይቱ ከ85 እስከ 90 በመቶው ያው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው። እሱ ላይ ያለው ሃይድሮክሲል የሚሉት ነገር ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፣ ሲሞቅ ይላላል። ጉሎን ከሱፍ ዘይት የሚለየውም ይሄ ነው። ዝርያ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ከፍሬው በሚወጣው ዘይት ብዛት ላይ ነው፣ ከ40 እስከ 60 በመቶ ድረስ ይለያያል። የዘይቱ መጥቆርም ከዝርያው አይደለም፣ አብዝታችሁ ስለምትቆሉት ነው።

ከሐይቅ፦ ለፀጉር የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የፀጉር ሰው አይደለሁም እታለም።

ከደሴ፦ የኔ ዘይት ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ይረጋል። የደጋ ጉሎ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ደጋም ቆላም አይደለም፣ ተጭበርብረሃል። ንጹሕ የጉሎ ዘይት የሚረጋው ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሲደርስ ነው፣ ደሴ ደግሞ ምን ቢበርድ እዚያ አይደርስም። ያ የሚረጋው ፓልም የተቀላቀለበት ሳይሆን አይቀርም፣ የምናውቀው የሚረጋ ዘይት። በሚዛን ያዘው። አንድ ሊትር ጉሎ ወደ 960 ግራም ይመዝናል፣ ሌላው የምግብ ዘይት 920 አካባቢ ነው። ወይም 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ናጠው፣ ጉሎ ይሟሟል፣ ሌላው ተለይቶ ይቀመጣል።

ከወረኢሉ፦ አረቄ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ዳግም አረቄም ቢሆን ግማሹ ውሃ ነው።

ከወረኢሉ፦ የኛን አገር አረቄ ስላልቀመስከው ነው!

ከባቲ፦ አቦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፍሬውን ወቅጬ በውሃ አፍልቼ ነው የማወጣው። ውሃው ከፈላ 100 ዲግሪ ነው ብዬ ልያዝ?

መልስ፦ አብሽር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። 100 የባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዚያ ወደ 92 ላይ ይፈላል። ኮምቦልቻ 94 ገደማ። ቴርሞሜትርህን በፈላ ውሃ የምትፈትሽ ከሆነ ይሄን አስበህ ፈትሽ። ዘይቱን ስታወጣ ግን ውሃው በደንብ መትነኑን እይ፣ ትንሽ ከቀረ ሲሞቅ ይፈነጥቃል።

ከደሴ፦ ለዚህ ነዋ ባቄላው የማይበስልልን!

ከኮምቦልቻ፦ ባቄላው አይደለም፣ እንጨት ትቆጥባላችሁ።

ከደሴ፦ እናንተ መጥታችሁ ቀቅሉት እስቲ።

መልስ፦ ባቄላውን ተዉት በናታችሁ።

ከወልድያ፦ አዲስ ምጣድ በጉሎ ሳሟሽ ይጨሳል። ይነድ ይሆን?

መልስ፦ ወደ 230 ዲግሪ ሲጠጋ ተኑ እሳት ካገኘ ይያያዛል። መጨስ ሲጀምር እሳቱን ቀንሺ። ዞር እንዳትዪ ብያለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ለናፍጣ መኪናስ?

መልስ፦ እንዳለ ከጨመርከው ፓምፑን ታጣለህ። ባዮዲዝል ብታደርገው እንኳ ብቻውን ይወፍራል፣ የአውሮፓን ልክ አያሟላም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን የአውሮፕላን ሞተር ማለስለሻ ነበር። ካስትሮልም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተክል የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው።

ከከሚሴ፦ ከቀዩና ከአረንጓዴው የትኛው ይወፍራል?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ላይ ያለውን አንብበሃል? ራሳችሁ ለኩት። እኩል ሁለት ጠርሙስ፣ እኩል ዘይት፣ ከላይ እኩል አየር። ሁለቱን አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩአቸው። ከዚያ ገልብጣችሁ የአየር አረፋው እስኪወጣ ሰከንድ ቁጠሩ። የዘገየው ወፍራሙ ነው። ፋጉሎውን ደግሞ ቅበሩት፣ ከብት አይድረስበት።

ከመርሳ፦ ሞከርኩት ጋሼ! ቀዩ ጠዋት እጥፍ ጊዜ ፈጀ። አረንጓዴው ቀትር ላይ ወዲያው ወጣ። ቀዩ ይበልጣል ማለት ነው?

መልስ፦ ቀዩን ቀትር ላይ ድገመው።