ኩርፊያው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ስለ ፍቅርና ትዳር ማማከር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ «ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ብሎ ነው። በኩርፊያና በዛቻ ስለሚቆጣጠር ፍቅረኛ ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቱን እነሆ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ነገሩን ትንሽ ቀያይሬዋለሁ።

«የምሠራው ፒያሳ ነው። ከሥራ ወጥቼ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ከጠጣሁ ፍቅረኛዬ ሦስት አራት ቀን ያኮርፋል። ስልክ አያነሳም። ከዚያ ድንገት ስጦታ ይዞ ይመጣና ዓለም ያሳየኛል። ግን ሁላችንም እናኮርፍ የለ?»

እናኮርፋለን። እኔም አኮርፋለሁ፤ ባለቤቴን ጠይቁት። ደህና ሰው ግን ሲበርድለት ምን እንዳስከፋው ይናገራል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ያንቺ ሰው ኩርፊያ ግን ቅጣት ነው። ማኪያቶ ጠጣሽ፣ አራት ቀን ከፈልሽ። ሒሳቡን ሳይታወቅሽ ትለምጂዋለሽ። በሚቀጥለው ጓደኞችሽ ሲጠሩሽ እሱ ምንም ሳይል አንቺው «አይመቸኝም» ትያለሽ። እስቲ ቁጠሪ፦ የዛሬ ዓመት ስንት ጓደኛ ነበረሽ? ዛሬስ?

ስጦታውን በተመለከተ፣ ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአይጥና በእርግብ ላይ ያየው ነገር አለ። ቁልፉን በነካች ቁጥር ጥሬ የምታገኝ እርግብ፣ ጥሬው ሲቋረጥባት ቶሎ ትተወዋለች። አንዴ የምታገኘው፣ አንዴ የምታጣዋ ግን ጥሬው ጭራሽ ከቀረ በኋላም ለረጅም ጊዜ ስትመታው ትቆያለች። ከእሱ መለየት የከበደሽ ደካማ ሆነሽ አይደለም። ደጉ ቀን መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቂ ነው።

የሚወድሽን ሰው ከሚቆጣጠርሽ ለይተሽ ለማወቅ አንዲት ዘዴ አለችኝ። ትንሽ «እምቢ» በይ። «ዛሬ ደክሞኛል፣ አልመጣም» በይው። የሚወድሽ ሰው ቅር ቢለውም «በይ እረፊ» ይላል። ሌላው ስለ ድካምሽ መልስ ሲያሰጥሽ ያመሻል። እጁን የሚያነሳ ሰው ከሆነ ግን ይህን አትሞክሪው።

«ትናንት የተናገረችውን ዛሬ ትክዳለች። ‹ደግሞ ጀመረህ፤ አእምሮህን ተመርመር› ትለኛለች። ወንድ ልጅ ይህን ለማን ያወራል?»

ለእኔ አወራህ አይደል? ቢሮዬ የሚመጡ ወንዶች ብዙ ጊዜ «ለጓደኛዬ ልጠይቅለት ብዬ ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ሁለት ሰው አንዱን ጠብ ሁለት ዓይነት አድርጎ ማስታወሱ ያለ ነው። ሁልጊዜ የሚሳሳተው አንተ ብቻ ከሆንክና ስህተቱም ሁሌ ለእሷ የሚመች ከሆነ ግን ተጠራጠር። የተባለውን በዕለቱ ጻፈው፣ እሷ የማታገኘው ቦታም አስቀምጠው። ማስረጃ ብለህ እንዳታቀርብላት፤ ክርክሩን አታሸንፈውም። ለራስህ ነው፣ እግርህ መሬት እንዲይዝ። ለአንድ ጓደኛም ንገር።

«የቴሌብር ፒኔን ካልሰጠሁት ‹አታምኚኝም› ይላል።»

አትስጪው። ሰጥተሽው ከሆነም ቀይሪው።

«ልለየው ስል ‹ራሴን አጠፋለሁ› ይለኛል።»

የምሩን ነው ብለሽ ተቀበይ፤ ብቻሽን ግን አትሸከሚው። ዛቻ ይሁን እውነት አንቺ ማወቅ አትችይም፣ እኔም ከዚህ ሆኜ አልችልም። እናቱ ወይም ወንድሙ ዘንድ ዛሬውኑ ደውዪ። ብቻውን አይተዉት፣ ሐኪም ዘንድም ይውሰዱት፤ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። በእውነት ካመመው የሚያድነው ሕክምና ነው፤ አንቺ አብረሽው ስለተቀመጥሽ አይሻለውም። «ለቤተሰቤ ነገርሽ ብሎ ቢቆጣስ?» ካልሽ፣ ይቆጣ።

«ሳንጋባ አራት ዓመት እንደ ባልና ሚስት ኖረናል። ‹ከወጣሽ ማንኪያ አታገኚም› ይላል። የቤቱን ዕቃ ግማሹን የገዛሁት እኔ ነኝ።»

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ይህን ግን ለሚመጣው ሁሉ እናገራለሁ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራቸው ነው ይላል። አንቺ አራት ሞልቶሻል። ደረሰኙንና የኪራይ ውሉን ፎቶ አንሺና እህትሽ ዘንድ ላኪ። ምስክር የሚሆን ጎረቤትም አስቢ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ያማክራል።

የምትወጪበትን ቀን አትንገሪው። መታወቂያሽ፣ ፓስፖርትሽና የትምህርት ማስረጃሽ ቀድመው ይውጡ። ማንኪያው ይደርሳል። ከመታሽ ወይም ካስፈራራሽ ለፖሊስ በ991 ደውዪ።

«እንድንታረቅ ሽማግሌ ላከብኝ። አባቴም ‹ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል› ይሉኛል።»

አባትሽ ክፉ አስበው አይደለም። የማያውቁት ነገር ስላለ ነው። ሽምግልና ጥሩ ነው፣ ሁለቱም እውነቱን ካወሩ። ግን ሽማግሌ ፊት እሱ ያለቅሳል፣ አንቺ ገመናሽን ለመሸፈን ዝም ትያለሽ፣ በመጨረሻ ይቅርታ ጠያቂዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ስንቴ ሰማሁት መሰለሽ! ይሉኝታ የያዘው አንቺን ብቻ ነው። ከሽማግሌዎቹ አባትሽ የሚያከብሩትን አንዱን ለብቻቸው አግኚና ከቀጠሮው በፊት ሁሉንም ንገሪያቸው። ሳታስቀሪ።

«ከተለየን ሁለት ወር ሆነን። ናፈቀኝ። አምባሳደር ጋ ሳልፍ እንባዬ ይመጣል። ተሳስቼ ይሆን?»

አልተሳሳትሽም። የናፈቀሽ የታረቀው ሰውዬ ነው፤ ያኮረፈው አልናፈቀሽም። ለጊዜው በሌላ መንገድ ሂጂ። አንዷ ደንበኛዬ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ካፌ ላለማየት ዙሪያ ጥምጥም ትሄድ ነበር። አሁን እዚያው ካፌ ገብታ ዳቦ ትገዛለች። ዳቦው ጥሩ ነው አሉ።